አርባ ሁለት ጠብታ

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ይታጠባል። የምታጥበው ሴት ከአራተኛ ፎቅ ጀምራ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከእሷ ቀድሞ የሚወርደው ግን የበረኪናው ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአዳር ተመልሼ በሬ ላይ ቁልፍ ስፈልግ ሽታው ደረሰብኝና እጄ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጎረቤት ቢያየኝ ምን ሆነች ይለኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ከአሥር ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ግቢ፣ የኋላ በሯ ተከፍቶ ውሃ ወደሚንጠባጠብባት አምቡላንስ ሄጄ ነው።

አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። ሕጉ ይህ ነበር። ደም የነካው ወለል ላይ ይፈስና 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወለወለው። ከአዳር የወጣ ሰው መኪናዋን ሳያጥብ አያስረክብም። ኅዳር ላይ ጎህ ሲቀድ የጀሪካኑ ውሃ አጥንት ድረስ ይሰማል። ጓንቱ ከተቀደደ ደግሞ ጣት ይነጣል፤ ቆዳውም ቀኑን ሙሉ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሻክራል። እኔ ያን 10 ደቂቃ የኋላው መወጣጫ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን እገልጥ ነበር። ከነርስነት ትምህርቴ ብዙውን ያነበብኩት በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ነው። ደብተሮቹ ዛሬም አሉኝ። ገጾቻቸው ላይ የሰማያዊው እስክሪብቶ ቀለም ክብ ክብ እየሆነ የለቀቀባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከእጄ የተንጠባጠበው በረኪና ነው። አንዳንዱ ክብ የልብን ሥዕል ግማሽ፣ አንዳንዱ የመድኃኒት ስም በልቷል።

አምቡላንስ ላይ የጀመርኩት በ2005 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ተቆፍራ ነበር። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የባቡሩ መስመር እየተሠራ መንገዱ አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ ይዘጋል። ትናንት ያለፍንበት ዛሬ የአፈር ክምር ሆኖ ይጠብቀናል። ሾፌራችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ አዲስ አበባን እንደ ቤታቸው ጓዳ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ሳይረኑ እየጮኸ መኪናው ሁሉ ባለበት ሲቆም መሪውን ጨብጠው፣ "ሰው ለሙሽራ መንገድ ይለቃል፤ ለበሽተኛ አይለቅም" ይሉ ነበር። በቁጣ አልነበረም የሚሉት። ከቁጣ የሚከፋ ሐዘን ነበረበት።

ብዙ ሰው አምቡላንስ መጥራት ገና አልለመደም ነበር። 907 የቀይ መስቀል፣ 939 የእሳትና አደጋ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። የተጎዳውን በታክሲ፣ በጭነት መኪና፣ በሰው ጀርባ ማድረስ የተለመደ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ሰውዬው በእጅና በእግሩ ተይዞ፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መጀመራቸውን የሰማሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። እሳቸው ከነርስነት ወደ አምቡላንስ ሄዱ። የእኔ መንገድ ተቃራኒውን እንደሚሆን ያኔ አላውቅም ነበር።

ወደዚያ መንገድ የገፋኝ አንድ ቃል ነው። ጋዎን ወይም የጤና ልብስ የለበሰች ሴት በእኛ አገር ስሟ አንድ ነው፤ ሲስተር። ካርድ ብታወጣ፣ ላቦራቶሪ ብትሠራ፣ አምቡላንስ ላይ ብትሆን ያው ሲስተር ናት። እኔ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን ነበርኩ። ደም ማቆም፣ የአየር መንገድ መክፈት፣ የተሰበረ ማሰር፣ ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ተምሬያለሁ። ነርስ ግን አልነበርኩም። ሰው ሲስተር ባለኝ ቁጥር የማላውቀውን ሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አስተካክል ነበር፤ "ነርስ አይደለሁም፣ ፓራሜዲክ ነኝ" እላለሁ። ልጁ ትንፋሽ ያጠረው አባት ይህን ምን ያደርግለታል? በኋላ ተውኩት። ሲስተር ሲሉኝ አቤት ማለት ጀመርኩ። አቤት ያለ ሰው ደግሞ ለተጠራበት ነገር መብቃት አለበት።

አንድ ቀን ወደ አያት አቅጣጫ ካለ የሕንፃ ግንባታ ተጠራን። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ተሰብሮ አንድ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል። ዕድሜው ከ20 አይበልጥም። የስሚንቶ አቧራ ቅንድቡን አንጥቶት ሽማግሌ መስሏል። አንገቱን በኮላር ያዝን፤ እንደ ግንድ አንድ ላይ አገላብጠን ሰሌዳው ላይ አደረግነው፤ ደም ሥሩን አግኝቼ ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለውን ፈሳሽ ሰቀልኩለትና ከፍቼ ለቀቅኩት። ጓደኛው በሩን ይዞ አልለቅም አለ። "ሲስተር፣ አደራሽን። ለእናቱ አንድ ነው" አለኝ። "እሺ፣ አይዞህ" አልኩት። መንገድ ላይ ልጁ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እግሬ የት ሄደ?" እግሩ እዚያው ነበር። እጄን ጉልበቱ ላይ አድርጌ፣ "አለ፤ ይኸው" አልኩት። እጄ አልተሰማውም።

የመጀመሪያው ሆስፒታል አልጋ የለም አለን። ሁለተኛው ተቀበለን። የወደቀበትን ከፍታ፣ የደም ግፊቱን፣ እግሩ እንደማይሰማው ተናገርኩ፤ ተረኛው ፈረመ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት የጠበቅነው ሰሌዳችንን ነው፤ ሆስፒታሉ ልጁን የሚያዛውርበት አልጋ እስኪለቀቅ ሰሌዳችን ከሥሩ ሊወጣ አልቻለም። በመጨረሻ ሲያነሱት ዓይኑ ፈለገኝ። በዚያው ቅጽበት ራዲዮው ጠራን። ወጣሁ።

በሳምንቱ ወደዚያው ሆስፒታል ሌላ ሰው ይዤ ስሄድ ጠየቅኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ በጨዋነት፣ "ስሙ ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "የአባቱስ ስም?" አለች። አልጠየቅኩትም ነበር። የደም ግፊቱን ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ የአባቱን ስም አንድ ጊዜም አልጠየቅኩም። በእኛ አገር የአባት ስም የሌለው ሰው መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ያን ቀን ማታ ጋሼን፣ "የተቀበልኩት አደራ የት እንደገባ አላውቅም" አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ "ልጄ፣ የእኛ ሥራ በር ድረስ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከበሩ በኋላ ያለውን ማወቅ ፈለግኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአንድ የግል ኮሌጅ የማታ ነርሲንግ ተመዘገብኩ።

የማታ ትምህርት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። የአዳር ተራዬ ከክፍል ጋር ሲጋጭ ከባልደረቦቼ ጋር እቀያየራለሁ፤ በለውጡ የእነሱን ቅዳሜና እሑድ፣ የእነሱን ፋሲካና እንቁጣጣሽ እኔ እይዛለሁ። ሦስት ፋሲካ አምቡላንስ ውስጥ ፈስኬያለሁ። ጋሼ ከቤታቸው በሳህን ዶሮ ወጥ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡ ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት የቅቤውና የኮረሪማው ሽታ የሳቭሎኑን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ያሸንፈዋል። ከደመወዜ ግማሹ ለኮሌጁ ክፍያ ይሄዳል፤ ከቀረው ላይ የቤት ኪራይና የታክሲ ይነሣል። እናቴ ስትደውል፣ "በልተሻል?" ትለኛለች እንጂ "ተኝተሻል?" አትለኝም ነበር። እንዳትጠይቀኝ እፈልግም ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ያስተማሩን ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ጸጉራቸውን በነጭ ሻሽ ያስራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጩኸት የለመደው ጆሮዬ እሳቸውን ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል ማለት ነበረበት። ትምህርቱን የጀመሩት በአንዲት ልዕልት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል እንደሠራች ነገሩን። የንጉሥ ልጅ ሆና የሌላ ሰው ልጅ ጨርቅ መቀየር ተማረች። አገሯ ከገባች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ሞተች፤ 22 ዓመቷ ነበር። በስሟ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ተማሩበት። "የት እንዳለ ታውቃላችሁ?" አሉን። ማንም አላወቀም። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ነው። ያን ሰፈር ሳይረን እያስጮህኩ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! ነርስነት የተማረች፣ በወሊድ የሞተች አንዲት ወጣት ሴት እዚያ ስም እንደነበራት ሳላውቅ።

ትምህርቱ ከባድ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ይበልጥ የከበደኝ ግን የማላውቀው ሳይሆን የማውቀው ነው። አምቡላንስ ያስተማረኝ እጅ ቀድሞኝ ይሮጣል። አንድ ምሽት እኚያ ጡረተኛ ነርስ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፉ። ለአንድ ታካሚ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፤ የመስጫው ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ ይሰጣል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው? ወደ እኔ ዞሩ። አምቡላንስ ላይ እንደምሠራ ያውቃሉ። "እኛ ከፍተን ነው የምንለቀው" አልኩ። ክፍሉ ዝም አለ። እሳቸው አልተቆጡም። "ደም እየፈሰሰው ከሆነ ልክ ነሽ" አሉ። "ይኼ ሰው ግን ደም አይፈሰውም። ልቡ የደከመ ሽማግሌ ነው። ከፍተሽ ብትለቂው በሳንባው ታሰጥሚዋለሽ።" መብራት ጠፋ፤ ለወትሮውም ይጠፋ ነበር። በጨለማው ውስጥ ድምፃቸው ቀጠለ፤ "20 ሺህ ጠብታ ነው። ለ480 ደቂቃ አካፍዪው።" አንዱ የስልኩን ባትሪ አበራ። 41 ከምናምን መጣልኝ። "42" አልኩ። "በቃ፤ ተቀምጠሽ ትቆጥሪያለሽ። ነርስ ማለት ተቀምጣ የምትቆጥር ሴት ናት" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁለቱን ሥራዎች ከመሠረታቸው የለየኋቸው። በአምቡላንስ ጊዜ ጠላት ነው፤ ከፍተህ ትለቃለህ፣ ትሮጣለህ፣ ታደርሳለህ። በአልጋ አጠገብ ጊዜ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ይለካል፣ ይከፋፈላል፣ ጠብታ በጠብታ ይሰጣል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ያልሮጠ ሰው የሚቆጥርለት ታካሚ አያገኝም፤ ያልቆጠረ ደግሞ የሮጠውን ልፋት ያፈስሰዋል።

ጋሼ የትምህርቴ ግማሽ ናቸው። በደርግ ጊዜ እስከ ስምንተኛ ተምረው ያቋረጡ ሰው ነበሩ። ጥሪ የሌለበት ሌሊት መኪናዋን ከመብራት ሥር አቁመን ጥያቄዎቼን እንዲይዙልኝ እሰጣቸዋለሁ። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል፣ ጣታቸውን እያስኬዱ ያነቡልኛል፤ አንዱን ረጅም የመድኃኒት ስም ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እኔ በዚያ ሁለት ደቂቃ መልሱን አስባለሁ። ሳልመልስ ስቀር ወረቀቱን አይሰጡኝም፤ "ድገሚው፣ ይኼ እኔን ያቃተኝ ነው እንጂ አንቺን አያቅትሽም" ይሉኛል። ዛሬ ያን መድኃኒት ለታካሚ ስሰጥ ስሙ በጆሮዬ የሚመጣው በእሳቸው አነባበብ፣ ተቆራርጦ ነው።

የተግባር ልምምዱ ወደ ሆስፒታል ሲወስደን ሌላ ትዕቢቴ ተሰበረ። የማዋለጃ ክፍል ተራችን ሲደርስ እያንዳንዱ ተማሪ የረዳው ወሊድ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ መፈረም ነበረበት። እኔ ከሳሪስ ስንመጣ መንገድ ተዘግቶብን አምቡላንስ ውስጥ አንዲት እናት አዋልጃለሁ። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ማርያም ማርያም እያሉ፣ እኔ ልጁን በእናቱ ሆድ ላይ አድርጌ በነጠላዋ ሸፍኜው። ይህን ለተቆጣጣሪያችን ነገርኳት፤ "እሱ አይቆጠርም" አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የገባኝ በሳምንቱ ነው። አንዲት እናት በሰላም ወልዳ፣ ሁሉም እፎይ ካለ በኋላ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከሥሯ ያለው አንሶላ መቅላት ጀመረ። ያየችው በየ15 ደቂቃው እየመጣች ማህፀኗን በእጇ የምትዳስስ አንዲት ነርስ ናት። ድምፅ ሳታሰማ ጠራችን፤ ማህፀኗን አሸች፣ መድኃኒት ሰጠች፤ ሴትዮዋ ተረፈች። ያቺ የሳሪሷ እናት ሁለተኛው ሰዓት ላይ ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። እኔ ያን ጊዜ መኪና እያጠብኩ ነበር።

በአጥንት ክፍል ስንመደብ ያን ልጅ በየአልጋው ፈለግኩት። በየክፍሉ በር ላይ ቆሜ ፊቶችን አይ ነበር። አላገኘሁትም። እንደሱ ያሉትን ግን አገኘሁ። ከወገባቸው በታች የማይሰማቸው ወጣቶች፤ ከእንጨት፣ ከኮንክሪት፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የወደቁ። ከአልጋቸው ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚተኙ እናቶች። ሲስተሮቹ በየሁለት ሰዓቱ እየመጡ ልጆቹን ከጎን ወደ ጎን ያገላብጣሉ፤ ካላገላበጧቸው የአልጋ ቁስል ይበላቸዋል፤ ከውድቀቱ የተረፈውን ልጅ ቁስሉ ይወስደዋል። እናቶቹ ሰዓት የላቸውም፤ የሚቆጥሩት በቤተ ክርስቲያን ደወልና በአዛን ነበር። አንዷ እናት እኔ ከመድረሴ በፊት ትነሣና እጇን በልጇ ትከሻ ሥር አስገብታ ትጠብቀኛለች። አብረን እናገላብጠዋለን። ከዚያ እጇን እየሳመች ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች። የአምስት ሳምንት ልምምዴን ስጨርስ የዚያ ልጅ ጀርባ እንደ ሕፃን ጀርባ ንጹሕ ነበር። አንድ የሚጮህ ሳይረን አልነበረም፣ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ በፊት ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ መስሎ የታየኝ ያ ጀርባ ነው።

ስለ ሞት አንድ ነገር ልበል። አምቡላንስ ላይ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ ግን ሁልጊዜ እየሠራሁ ነው ያየሁት። እጄ ደረት ላይ ነው፣ ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው፤ ሆስፒታል እንደርስና በሩ ይዘጋል። ሞትን እንጂ መርዶን አላውቅም ነበር። መርዶን የተማርኩት በአራተኛው ዓመት፣ በሌሊት ልምምድ ነው። ልባቸው የደከመ አንድ አባት ነበሩ፤ አባባ እላቸው ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ከዚያ ራቀ። እጃቸውን ያዝኩ። ልሮጥ ስነሣ ተረኛዋ ነርስ ትከሻዬን ጫን አድርጋ አስቀመጠችኝ፤ ሐኪሙና ቤተሰቡ ቀድመው ተነጋግረውበት ነበር። "ቁጭ በዪ፤ አሁን የሚፈልጉት ሰው ነው" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ስድስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። በሕይወቴ ረጅሙ ነው።

ዓይናቸውን ከደንን፤ አገጫቸውን በጎዝ አሰርን። ልጃቸው ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ ጭንቅላቱን በጋቢው ሸፍኖ ተኝቷል። ተረኛዋ ነርስ አልቀሰቀሰችውም። ከመዝገቡ ላይ የአጎቱን ስልክ አውጥታ ደወለችና ጎህ ሳይቀድ ሁለት ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። "ብቻውን አይሰማም" አለችኝ። እስኪመጡ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልን ልጁን ጠበቅነው፤ ቢነቃ ብቻውን እንዳይገባ። አጎቱ ሰዎቹን ይዞ ሲደርስ ልጁ ፊታቸውን አይቶ አወቀ። ጩኸቱ ዛሬም ይሰማኛል። ግን የሰው እጅ ከግራም ከቀኝም ይዞት ነበር። ያን የመሰለ ጥበቃ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም። አገራችን ከሆስፒታል በፊት የምታውቀው ነው፤ ያቺ ነርስ ወደ ሆስፒታል ይዛው ገባች።

በ2009 ዓ.ም. ሻማ አብርተን ቃለ መሐላ ገባን። ጋሼ በልካቸው ያልሆነ ኮት ለብሰው፣ እቅፍ አበባ ይዘው መጡ። ለፎቶ ሲቆሙ ከእናቴ ጎን መቆም አፍረው ወደ ዳር ሊሉ፣ እናቴ እጃቸውን ይዛ መሃል አስገባቻቸው። "ሲስተር" አሉኝ ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲስተር ሲለኝ እሳቸው ልጄ ብቻ ነበር የሚሉኝ። ቃሉን እስክደርስበት ጠብቀውልኛል። እኔም፣ "አቤት" አልኩ።

ጋሼ አርፈዋል። አምቡላንሷም ያን ጊዜ እንኳ ያረጀች ነበረች፤ የት እንዳለች አላውቅም። ከተማው ተለውጧል። ከጉድጓዱ ውስጥ ባቡር ወጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ያፈራቸው ሐኪሞች ዛሬ በየሆስፒታሉ ይገኛሉ። በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ሆስፒታል ተከፍቷል፤ ስሙም አቤት ነው። ለተጠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ በቋንቋችን አላውቅም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ያልተለወጠው በሩ ነው። አምቡላንስ ያመጣል፣ ሆስፒታል ይቀበላል፣ ወረቀት ይፈረማል፤ ያመጣው ሰው ያመጣውን ሰው ዳግም አያየውም።

እኔ ዛሬ ከበሩ በወዲህ ነኝ። ተቀብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓርብ አዳር፣ ማለትም የደረጃው በረኪና ከመሽተቱ ጥቂት ሰዓታት በፊት፣ አንዲት ወጣት ፓራሜዲክ የሞተር ብስክሌት አደጋ የደረሰበት ልጅ ይዛ ገባች። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል። ግፊቱን፣ ትንፋሹን፣ የሰጠችውን ፈሳሽ ተናገረች፤ አንድም አልሳተችም። ፈረምኩላት። ስትዞር አየኋት፤ ልጁን አየችና ራዲዮዋን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

"እህቴ፣ ቆይ" አልኳት። የርክክብ ቅጹን ቅጂ ተቀብዬ ከኋላው የክፍላችንን ስልክና የልጁን ስም ከነአባቱ ጻፍኩላት። "ነገ ደውዪ" አልኳት። ይህን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቹ አይደውሉም፤ አልፈርድባቸውም፤ መኪና እያጠቡ፣ ደብተር እያነበቡ፣ ሌላ ሰው እያነሡ ነው።

ከዚያ ወደ ልጁ ተመለስኩ። ሐኪሙ ያዘዘውን ሰቅዬ፣ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ስቤ፣ ሰዓቴን አይቼ መቁጠር ጀመርኩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። እኔ ነበርኩ ያነሣሁት። የልጁን ስም ከነአባቱ ጠርታ ጠየቀችኝ። "ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት አጥሚት ጠጥቷል" አልኳት።